በጎልፍ ሜዳው ዳር ሠፈር ሲመረጥ

የልጆቻችን ጥያቄ እንደ ዕድሜያቸው ይለዋወጣል። ድሮ "ጫማ ግዛልኝ" ይለኝ የነበረው ልጄ ዛሬ "አባዬ፣ በጎልፍ ሜዳው ዙሪያ ካሉት ሠፈሮች የትኛው ይሻላል?" ይለኛል። እሱና ሚስቱ ሁለቱም ሃይቴክ ይሠራሉ፤ ቄሳርያ ቤት ሊከራዩ፣ ከተስማማቸውም ሊገዙ አስበዋል። ይህ ጥያቄ ዛሬ ባይሆን ነገ ለእናንተም ይደርስ ይሆናልና ያየሁትን ላጫውታችሁ።

እኔ የምኖረው ኦር ዓቂቫ ነው። ከቄሳርያ የሚለየን መንገድ ቁጥር 2 ነው፤ እኛ በምሥራቅ፣ እነሱ በባሕሩ በኩል። የጎልፍ ሜዳው የተከፈተው በ1961 ሲሆን 18 ጉድጓድ አለው። አንድ ቀን አባቴን፣ ቄሱን፣ በመኪና ይዤ በዚያ ሳልፍ ተጫዋቾቹን አይተው "ያለ ወሩ ገና ይጫወታሉ እንዴ?" አሉኝ። ጎንደር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በዱላ የሚመቷት ሩር ትዝ ብላቸው ነው። እውነትም ብዙ አይለይም፤ የሚለየው ዋጋው ነው።

የእኛ ትውልድ በዚህ አገር ሠፈር መርጦ አያውቅም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንገባ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ካራቫን፤ አውቶቡሱ ያወረደን ቦታ ሠፈራችን ሆነ። ኋላ ማሽካንታ ተሰጥቶን ቤት ስንገዛም ገንዘቡ የሚበቃው ዋጋው በወረደበት ሠፈር ነበርና፣ ብዙዎቻችን እዚያው አንድ ሕንጻ ውስጥ ተገናኘን። አሳንሰር የሌለው አራተኛ ፎቅ የገዛ ሰው ዛሬ እያንዳንዱን ደረጃ በጉልበቱ ይቆጥራል።

ጎንደር ሳለን ግን ይመረጥ ነበር እኮ! ሽማግሌዎች መጀመሪያ የሚያዩት ውሃውን ነው። ወንዙ ለመጠጥ ብቻ አይደለም፣ ለመንጻትም ነው። ጸሎት ቤቱ የት ይቁም፣ የመርገም ጎጆው በየት በኩል ይሁን፣ መቃብሩ ምን ያህል ይራቅ፤ ይኼ ሁሉ ይታሰብበታል። ስለ መልክዓ ምድሩ ማማር ያወራ ሰው ግን አላስታውስም። ስለዚህ ልጄ "መስኮቱ አረንጓዴውን ሜዳ ያያል" ሲለኝ "ደግ፤ ሌላውስ?" አልሁት።

ሌላው ብዙ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስት ቀን በሠፈሮቹ ዳር ዞርሁ። አንድ አትክልተኛ እንዳስረዳኝ፣ አብዛኛው ሰው በቀኝ እጁ ስለሚመታ ኳሷ ስትስት ወደ መቺው ቀኝ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከመምቻው ፊት በስተቀኝ ያለ ግቢ መስኮቱም ሰውም አይተማመንም። ሕፃን ለሚያሳድግ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከመቺው ጀርባ ያለው ይሻላል። ሣር ደግሞ መታጨድ አለበት፤ የማጨጃው ጩኸት በማለዳ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጎረቤት ጠይቁ።

ከዚያ ሰንበት አለ። የቪላ ሠፈር ሰፊ ነው፤ ሰፊ ነገር ሁሉ ለእግረኛ ሩቅ ነው። ከየቤቱ እስከ ቤተ ክኔሴት በእግሬ ለካሁት፤ ከአንዱ 8 ደቂቃ፣ ከሌላው 25 ደቂቃ ወሰደብኝ፣ ያውም በእኔ ርምጃ። ዔሩቡ የት ድረስ እንደሆነም አጣሩ፤ በሰንበት የሕፃን ጋሪ ለምትገፋ ምራት ቁም ነገር ነው። (አባቴ ዔሩብ ኖረ አልኖረ በሰንበት ምንም አይዙም። እሳቸው ዘንድ ይህ ጥያቄ የለም።)

እንቅልፍ የነሣኝ ግን በሩ ነው። ልጄ ካያቸው አራት ቤቶች ሁለቱ በርና ዘበኛ ባለው ግቢ ውስጥ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ዘበኛው ለባለቤቱ ይደውላል። እንግዳው አንድ ሲሆን መልካም ነው። አባቴ 88 ዓመታቸው ነው፤ የእኛን ደረጃ መውጣት ስላቃታቸው ልጄ ዘንድ፣ ደረጃ በሌለው ክፍል እንዲኖሩ ተስማምተናል። እግዚአብሔር ዕድሜ ይጨምርላቸው። ቀኑ የደረሰ ዕለት ግን ሕዝብ ነው የሚመጣው። ከኪርያት ጋት፣ ከረሖቦት፣ ከአሽዶድ አውቶቡስ ተከራይቶ ይመጣል። ዕብራይስጥ የማይችሉ፣ ገና ከመንገዱ ጀምረው እያለቀሱ የሚገቡ እናቶች አሉበት። ታዲያ ዘበኛው "ማን ጋ ነው?" ብሎ ሊያቆማቸው ነው? ለቀስተኛ ተመዝግቦ ይገባል? ለሰባቱ ቀንስ ድንኳኑ የት ይተከላል፣ ጎልፍ መጫወቻው ላይ?

ይህን ስነግረው ልጄ ዝም አለ። ያሳደጉት አያቱ ናቸውና ይህን ማሰብ አይወድም። ቆይቶ "ለግርዛትም ለሰርግም እኮ ያው ነው" አለኝ። እኔም አልገፋሁበትም።

እሑድ ዕለት ለግቢው አስተዳደር ደውሎ "300 ሰው ቢመጣብኝስ?" ብሎ ጠየቃቸው። የሁሉንም ስም ዝርዝር ከሁለት ቀን በፊት እንዲልክላቸው ነገሩት። ስልኩን ዘግቶ ሁለቱን ቤቶች ከወረቀቱ ሰረዛቸው።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ሜዳውን አያይም፤ ለቤተ ክኔሴቱ ግን ቅርብ ነው። ምራቴ ሁለተኛውን ወድዳዋለች። ማክሰኞ አባቴን ይዘን ሁለቱንም ልናሳያቸው ነው። እስካሁን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ውሃው በየት በኩል ነው?"