ሳይጠሩት የሚመጣ ሐኪም

ዋሽንግተን ዘመድ ያላችሁ ጆርጂያ አቬኑን ሳትሰሙ አትቀሩም። ከመሀል ከተማው ተነስቶ ወደ ሰሜን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የሚዘልቅ መንገድ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ የእኛ ሰው ሽሮና ክትፎ ሲያምረው ሩቅ ሳይሄድ የሚያገኝበት ሰፈር። በዚሁ መንገድ ዳር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከ1909 እስከ 2011 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ሪድ የሚባለው ስመ ጥሩ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ግቢው መኖሪያና ሱቅ እየሆነ ነው። ሆስፒታሉ ከባሕር ኃይሉ ሆስፒታል ጋር ተዋሕዶ እዚያው ጎረቤት ቤተስዳ ገብቷል። የዛሬው ጨዋታችን እዚያ ስለሚሰጥ አንድ ሥልጠና ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ አንዴ ብቻ እንጥራው፦ ኮንሰልቴሽን ሊያዞን ሳይካትሪ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በቀዶ ሕክምና፣ በካንሰር ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቷል፤ አካሉ ታሟል፣ አእምሮውም አብሮ ታውኳል። ወደ አእምሮ ሆስፒታል እንዳይላክ ቁስሉ አይፈቅድም፤ ባለበት እንዳይታከም ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ እጅ እንጂ ጆሮ ለዚህ አልሠለጠነም። ስለዚህ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ራሱ ወደ አልጋው ይመጣል። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ አራት ዓመት በሥነ አእምሮ ሬዚደንትነት ያሳልፋል፤ በላዩ ላይ አንድ ዓመት ፌሎውሺፕ ይጨምርበታል። አሜሪካኖቹ ይህን ራሱን የቻለ ንዑስ ሙያ ነው ብለው ያጸደቁት በ2003 ነው። ሥራው ግን ከዚያ በፊትም ለአሥርት ዓመታት ይሠራ ነበር፤ ወረቀቱ ነው የዘገየው።

አምስት ዓመት ሙሉ ምን ይማራል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ታካሚ እናስብ፤ የፈጠርኩት ነው፣ መሰሎቹ ግን በየዋርዱ አሉ። የ24 ዓመት ሃምሳ አለቃ ነው። ፈንጂ ሁለት እግሩን ወስዶበታል፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ከመጨረሻው ቀዶ ሕክምና ወዲህ ዝም ብሏል። ምግቡን ሳይነካ ይመልሳል፣ ሲያናግሩት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ከዋርዱ የሚመጣው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ደብቶታል፤ የድብርት መድኃኒት እንጀምርለት ወይ?» እንዲህ የሆነ ልጅ ባይደብተው ነው የሚገርመው፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጠይቀው። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው፤ ሐዘኑ ስለሚገባን ሌላ ምክንያት መፈለግ እናቆማለን።

ሠልጣኙ መጀመሪያ ወደ ልጁ አይሄድም። ካርዱን ይከፍታል፦ ትናንት ማታ ምን ተሰጠው፣ የሕመም ማስታገሻው መጠን መቼ ጨመረ፣ ትኩሳቱ ስንት ነበር፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው እንዴት ነው? ቀጥሎ የሌሊቷን ነርስ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ ካርዱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ትነግረዋለች፤ ሌሊት ከሌለ ሰው ጋር ሲያወራ፣ አንሶላውን ሲለቅም ነበር፤ ቀን ቀን ነው ዝም የሚለው። ከዚህ በኋላ ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የዓመቱን ወሮች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቁጠርልኝ ይለዋል። ልጁ ከዲሴምበር ጀምሮ ሁለት ሦስት ወር እንደሄደ ምን እንደተጠየቀ ይጠፋበታል። ወረቀትና እርሳስ ይሰጠውና ሰዓት ሣልልኝ ይለዋል። ክቡ ደህና ይወጣል፤ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች ግን ሁሉም በቀኝ በኩል ተጨናንቀው ያልቃሉ፣ ግራው ባዶ ይቀራል።

ይህ ድብርት አይደለም፤ ዴሊሪየም ነው። አንጎል በኢንፌክሽን፣ በመድኃኒት ወይም በጨው መዛባት ተናግቶ ትኩረቱን መያዝ ሲያቅተው የሚመጣ ነው። የሚጮኸውንና የሚቀባዥረውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ አልጋ ላይ ስለሚታገል ማንም አይስተውም። ዝም ያለውን ዓይነት ነው እንደ ድብርት እየቆጠሩ የሚያልፉት። እዚህ የሚጻፈው ትእዛዝም የድብርት መድኃኒት ሳይሆን ሌላ ነው፦ ኢንፌክሽኑ ይፈለግ፣ የሚያደነዝዘው መድኃኒት ይቀነስ፣ ሌሊት መብራት ይጥፋና ይተኛ፣ መነጽሩ ይመለስለት። እንግዲህ የሥነ አእምሮ ሐኪም ተጠርቶ መጣና የቁስል ኢንፌክሽን አስፈለገ ማለት ነው። ለእኔ የሙያው ውበት ያለው ይህ ላይ ነው፤ ከተጠየቀው ጥያቄ ጀርባ ያለውን ጥያቄ ማግኘት።

በጦር ሆስፒታል ግን አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ወታደር አይጠራህም። እግሬ ተቆረጠ ማለት ክብር ነው፣ ሜዳሊያ ያሰጣል፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ፈራሁ ማለት ግን በጓዶቹ ዘንድ ሌላ ነው። ዋልተር ሪድ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ጊዜ ያደረገው ነገር ይህን ቀላል አድርጎ ፈታው። የሥነ አእምሮው ቡድን «በሽታን አስቀድሞ መከላከል» የሚል ስም ያዘ፣ የአደጋ ሕክምናው ቡድን አካል ሆነና ከጦር ሜዳ የመጣውን ቁስለኛ ሁሉ በየተራ መጎብኘት ጀመረ። ማንም አይመርጥም፣ ማንም አይጠይቅም፤ ፋሻ ቀያሪው እንደሚመጣ ሁሉ እሱም ይመጣል። ሁሉም ሰው ከታየ ማንም ተለይቶ አልታየም። ሳይንሳዊ ግኝት አይደለም፣ ማሽንም አላስፈለገውም። ያም ሆኖ በዚህ ሙያ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን ነው።

ሌላም ላጫውታችሁ። የተቆረጠ እግር ያማል፤ የሌለው ጣት ይታጠፋል፣ የሌለው ተረከዝ ይቃጠላል። እግራቸውን ያጡ ወታደሮችን ዋልተር ሪድ ውስጥ በመስታወት አክመው ጥናቱን በ2007 አወጡት። ደህናው እግር በመስታወቱ ውስጥ ሲታይ የተቆረጠው ያለ ይመስላል፤ ሕመምተኛው ደህናውን እያንቀሳቀሰ ምስሉን ያያል፣ የሌለውንም አብሮ «ያንቀሳቅሳል»። ጥናቱ ትንሽ ነበር። የጨረሱት 18 ሰዎች ሲሆኑ መስታወቱን ያዩት ስድስቱም ሕመማቸው ቀነሰላቸው። እኔ ግን የያዝኩት በዚያው ዘገባ ጥግ ላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ሙሉውን እግር በመስታወት ሲያዩ ለአጭር ጊዜ ሐዘን ያዛቸው። ሕመሙን የሚያስታግሰው መስታወት ያጡትንም ያሳያቸዋል። ያን ጊዜ አጠገባቸው ማን ይቀመጥ?

መድኃኒቱ ራሱ አእምሮ የሚያናጋበት ጊዜም አለ። ሜፍሎኪን የሚባለውን የወባ መድኃኒት ያገኙት የዋልተር ሪድ ስም ያለው የሠራዊቱ የምርምር ተቋም ሰዎች ናቸው፤ ጎረቤታችን ሶማሊያ የዘመቱት የአሜሪካ ወታደሮች ይወስዱት ነበር። ቅዠትና ጭንቀት ሊያመጣ እንደሚችል እየታወቀ ሄዶ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ከበድ ያለውን ማስጠንቀቂያ እላዩ ላይ አስለጠፈ። ስለዚህ ሠልጣኙ «ቅዠት ያሠቃየኛል» የሚል ወታደር ሲመጣለት ጦርነቱን ብቻ ሳይሆን የዋጠውን ክኒንም ይጠይቃል። የጭንቅላት ጉዳቱም አለ፤ ከ2000 ወዲህ በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ተመዝግቧል። አብዛኛው ቀላል የሚባለው ነው፤ «ቀላል» የሚለውን ግን ሚስቶቻቸውን ጠይቁ። ደግሞ ታካሚው ሁሉ ወጣት ቁስለኛ እንዳይመስላችሁ፤ ጡረተኛው ኮሎኔል ከነፓርኪንሰኑ፣ የወታደሩ ሚስት ከነወሊድዋ እዚያው ይታከማሉ።

ማዕረግስ? ቤተስዳ ያለውን ረጅም ሕንፃ ያየ ሰው ጄምስ ፎረስታልን ሳያስታውስ አይቀርም። የአሜሪካ የመጀመሪያው የመከላከያ ሚኒስትር ነበር፤ በ1949 ሥራውን ለቆ፣ በከባድ ድብርት እዚያ ተኛ። ያስተኙት ለሥነ አእምሮ ሕሙማን በተዘጋጀው ክፍል ሳይሆን ለታላላቅ ሰዎች በተያዘው 16ኛ ፎቅ ላይ ነው። በግንቦት ወር ሌሊት ከዚያው ፎቅ ወድቆ ሞተ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተብሏል፣ አልገባበትም። የፎቁ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ ተራ ወታደር ቢሆን ኖሮ እዚያ አይተኛም ነበር። ሻምበል የሆነ ሠልጣኝ ለጄኔራል «አይሆንም፣ እዚያ ክፍል አይተኙም» ማለትን የሚለማመደው በዚህ አንድ ዓመት ነው።

በእኛ አገር «አማኑኤል ገባ» ከተባለ ወሬው አለቀ፤ ሰፈሩም ቤተሰቡም ከዚያ ወዲያ የሚሰማው የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ መሄድ ግድ ነበር። ከሰሜኑ ጦርነት እግሩን ጥሎ የተመለሰ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦችም ጥቂት አይደሉም። ልጃቸውን «አእምሮ ሐኪም ጋ እንውሰድህ» ቢሉት የሚመልስላቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀዶ ሐኪሙን ተከትሎ አልጋው ድረስ ለሚመጣው ግን ማንም በር አይዘጋም። ለእኛ ከዚያ ሥልጠና አንድ ነገር ብቻ ይምጣ ቢሉኝ የምመርጠው ይህን ነው፤ መስታወቱ ይቆየን።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ሳይጠራ የመጣ ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ወታደሩ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ቁስሉ አይደለም፤ «የምነግርህ አለቃዬ ጆሮ ይደርሳል?» ነው። በ2011 የወጣው የመከላከያ ሚኒስቴሩ መመሪያ ነባሪ መልሱን «አይደርስም» አድርጎታል፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን የተለዩ ሁኔታዎች ዝርዝር አለው፦ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ከሆነ፣ ግዳጁን የሚያሰናክል ከሆነ፣ ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ከተኛ፣ ሌላም ሌላም። «አትጨነቅ፣ በእኔና በአንተ መካከል ነው» ማለት ለአፍ ይቀላል፣ ውሸት ግን ይሆናል። ሠልጣኙ ስሙን ከተናገረ በኋላ ቀጥሎ የሚናገረው ያንን ዝርዝር ነው፤ ከወሬው በፊት።