በጅግጅጋ የመጨረሻ ቀናችን

ጅግጅጋ ከሐረር በስተምሥራቅ ናት። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በባቢሌ በኩል ያልፋል። ባቢሌ የለውዝ አገር ነው። ከባቢሌ ወዲያ የዳካታ ሸለቆ አለ። እዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደራርቦ ቆሟል። ሰው የካበው ይመስላል። ሰው ግን አልካበውም። ነፋስና ዝናብ በብዙ ዘመን ጠርበው ያስቀሩት ነው። ከዚያ ፋፈን ይመጣል። ከፋፈን ቀጥሎ የካራማራ ተራራ ነው። ተራራውን ሲወርዱ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው። ከተማዋ በዚያ ሜዳ ላይ ናት።

እኛ ከአንድ ጓደኛችን ጋር ዓርብ ማታ ገባን። ቅዳሜን ስንዞር ዋልን። ገበያ አየን፤ ግመል አየን፤ ነፋሱም አቧራ አለበሰን። ስለ ቅዳሜ ይህ ይበቃል። ቁም ነገሩ የእሑድ ነው፤ እሑድ የመጨረሻ ቀናችን ነበር። የሚኒባሱ ሹፌር «ከ8 ሰዓት በኋላ አልጠብቅም» ብሎናል።

ጓደኛችን የተወለደው እዚሁ ጅግጅጋ ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጁን ሳያሳድጉ ሞቱ። ለእናቱ የቀረው አንድ የስፌት መኪና ነበር። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ ተያዘች። ጓደኛችን ያን ጊዜ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እጁን ይዘው ካራማራን በእግር ተሻገሩ። የስፌት መኪናውን ማን ይሸከመዋል? ለጎረቤታቸው ለሱማሌዋ እናት ሰጡ። «አማና» አሉ።

ከተማዋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ጦር ተመልሳ ተያዘች። ኩባውያንም አብረው ተዋግተዋል። የካራማራ ድል የሚባለው ይህ ነው። እናቲቱ ግን አልተመለሱም። ሐረር ቀሩ። በሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ልጃቸውን አሳደጉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው «መኪናችን ጅግጅጋ ነው» ይሉ ነበር። ሰው «ኧረ እስከ ዛሬ ተሽጦ ተበልቷል» ሲላቸው ይቆጡ ነበር።

ጓደኛችን የፈለገው ብረቱን አልነበረም። እናቱ እውነት ነበራቸው ወይስ ተታለው ኖሩ? ይህን ማወቅ ነበር የፈለገው።

ጠዋት ቁርስ በላን። ላሖሕ ነው ያቀረቡልን። ላሖሕ እንደ እኛ እንጀራ ዓይን አለው። ግን ትንሽ ነው፤ የጤፍም አይደለም። ከሻይ ጋር ይበላል። ሻዩ ወተትና ቅመም አለው። የግመል ወተትም ቀመስን። የጭስ ሽታ አለው። ዕቃውን እንደኛ ባላገር በጭስ ያጥኑታል። እኛ ወደድነው፤ ጓደኛችን ግን ፊቱን ቋጠረ።

ከዚያ ፍለጋ ጀመርን። የድሮው ቤት በልብስ ሰፊዎች መንደር ጀርባ ነበር። አሁን እዚያ ባለ ፎቅ ቆሟል። ሰሌዳ ሞልቷል። እኛ ግማሹን እያነበብን ግማሹን እያየን አለፍን። አማርኛው በፊደል ነው፤ ሱማሌኛው በላቲን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር በአገራችን ሱማሌኛም በግዕዝ ፊደል ነበር የሚማሩት። ያን ጊዜ የመጣን ቢሆን ኖሮ ባይገባንም ድምፁን እናነበው ነበር!

በአንድ ሻይ ቤት በር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። «አደር» ብለን ጠራናቸው። በሱማሌኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል። የልብስ ሰፊውን ስም ስንነግራቸው ጓደኛችንን ትክ ብለው አዩት። «የሱ ልጅ ነህ እንዴ?» አሉ። አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። ጎረቤቲቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጃቸው ግን ሱቅ አለው። አሁን መስጊድ ነው፤ ጠብቁ አሉን።

ስንጠብቅ ብዙ አወሩን። ከተማዋ ብዙ ቻይ ናት። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ ሱቅ ተዘርፏል። ስለዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ከዚያ ስለ ገራድ ዊልዋል ተረት አመጡ። የአውሮፕላን ማረፊያው የተሰየመው በሱ ነው። ገራዱ አንድ ቀን ሕዝቡን «ሰውን ከሰው የሚያፋቅርም የሚያጣላም የበግ ብልት አምጡልኝ» አለ። ሌላው ሙዳ ሥጋ አመጣ። የአንድ ድኻ ልጅ ግን አባቷን ጉሮሮ አስይዛ ላከችው። መልሱ እሱ ነበር።

7 ሰዓት ሲሆን ባለ ሱቁ መጣ። ሽማግሌው በሱማሌኛ ነገሩት። ሰውዬው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «ወላል፣ መጣህ?» አለ። ወላል ወንድሜ ማለት ነው።

ነገሩን እንዲህ አወራን። እናቱ መኪናውን 10 ዓመት በጨርቅ ሸፍነው አስቀመጡ። ልጆቻቸውን እንኳ አያስነኩም። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ተደበደበች። ሕዝቡ ድንበር እየተሻገረ ወደዚህ ጎረፈ። ሐርትሼክ ላይ የተሠራው የስደተኞች ሠፈር በዓለም ትልቁ እስከ መባል ደርሶ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከሸሹት መካከል የእናቱ እህት ከ5 ልጆች ጋር ነበረች። የሚበሉት አልነበረም። ያን ጊዜ መኪናው ተሸጠ። ዱቄት ተገዛበት።

«ከዚያ በኋላ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። ባለቤቷ ብትመጣ ምን እላታለሁ ትል ነበር። ስትሞት ክፈሉ ብላናለች» አለን።

ይህን ብሎ ከመሳቢያ ብር አወጣና መቁጠር ጀመረ። ጓደኛችን እጁን ያዘው። «ተው። እናቴም ብትሆን ትሸጠው ነበር» አለ።

ሰውዬው ተቆጣ። «ላንተ ቀላል ነው። እኔ የእናቴን ዕዳ ይዤ ልቅር?» አለ።

ጓደኛችን መልስ አጣ። እኛም አጣን። ቸርነት መስሎን ሰውዬውን በዕዳ ልናስቀረው ነበር። ሽማግሌው ናቸው የገላገሉን። «አንድ መቶ ብር ይውሰድ። ተከፍሎኛል ይበል። እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። ጓደኛችን 100 ብር ወሰደ። «ተከፍሎኛል» አለ፤ ሦስት ጊዜ አስባሉት። ሰውዬው የቀረውን ብር ወደ መሳቢያው መለሰ። ከዚያ ተቃቀፉ።

ሩዝና የፍየል ሥጋ ሳንበላ አልለቀቁንም። መነኸሪያ ስንደርስ 8 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሹፌሩ ሰው አልሞላለትም ነበርና ቆሞ አገኘነው፤ እየተነጫነጨ አሳፈረን። ባለ ሱቁ በጀሪካን የግመል ወተት አሸክሞናል። ካራማራን ስንወጣ ጓደኛችን ጀሪካኑን በጉልበቱ መካከል ይዞ በመስኮት ወደ ኋላ ያይ ነበር። ባቢሌ ላይ ክዳኑን ከፈተና ጠጣ። አሁንም ፊቱን ቋጠረ፤ ግን ደገመ።