ጨጓራ ተብሎ የሚጻፈው ሕመም

ማክሰኞ የወልዲያ ገበያ ነው። ከመርሳ የሚነሳው ሚኒባስ በጠዋት ይሞላል። ከገበያተኛው መሀል አንዲት የወረዳ ባለሙያ ተቀምጣለች። ዘንቢል አልያዘችም። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ከጤና ጣቢያ የተጻፈላት የሪፈር ወረቀት ነው። እንቅልፍ ካጣች ወራት ተቆጥረዋል። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሆዷ ይቃጠላል።

ሐኪሙ "የት ነው የሚያምዎት?" ሲላት "ጨጓራዬን" አለች። ወረቀቱም ጨጓራ ተብሎ ተጻፈ፤ የሦስት ቀን ሲክ ሊቭ አገኘች። በአራተኛው ቀን ወደዚያው ወንበር ተመለሰች፤ ሕመሙም አብሯት ተመለሰ።

ሴትየዋ አልዋሸችም። ጭንቀት ሲበዛ ሆድ ይቃጠላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ወገብ ይያዛል። ግን ዋናውን ነገር ደበቀችው። "ጨንቆኛል፣ ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል" ብትል ቢሮ ውስጥ የሚጠብቃትን ታውቃለች። አንዱ "ሥራ ሸሽታ ነው" ይላል፤ ሌላው በሹክሹክታ "አእምሮዋ ተነክቷል" ይላል። ጨጓራ ግን ማንንም አያሳፍርም።

የዚህ አካባቢ ሠራተኛ የተሸከመው ደግሞ ተራ የቢሮ ድካም አይደለም። ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። ሠራተኛው ተሰደደ፣ ወይም እቤቱ ተደብቆ ከረመ። ሲመለስ የተዘረፈ ቢሮና የተበተነ ፋይል ጠበቀው። የጠፋው ኮምፒውተርና ወንበር ተቆጥሮ ተመዘገበ። የሠራተኛው ልብ ላይ የደረሰውን ግን የቆጠረ አልነበረም። "በሉ፣ ወደ ሥራ!" ተባለ፤ ወደ ሥራም ተገባ።

ከዚያም ፋታ አልመጣም። ሀብሩ ውስጥ በጃራ መጠለያ የሰፈሩት ተፈናቃዮች እርዳታ፣ መዝገብና መልስ የሚጠይቁት ከዚያው ከወረዳና ከቀበሌ ሠራተኛ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉን የያዘው ግጭት ደግሞ ለመስክ መውጣትን ራሱን ፈተና አደረገው። ቀበሌ ወርዶ መረጃ ማምጣት ግዴታ ነው፤ መንገዱ ደህና ይሁን አይሁን ግን ማለዳ ላይ ከሾፌር ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር ሆነ።

ኑሮውስ? ከመስከረም 2018 በፀናው የደመወዝ ማሻሻያ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ማለቱ ተገልጿል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ደመወዝ እስኪጨመር ቆመው አይጠብቁም። በግንቦት 2017 በመላ አገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በዚሁ የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ነበር። የሌላውን ጭንቀት ማከም ያለበት ባለሙያ ራሱ ተጨንቆ እንደነበር ያኔ አደባባይ ወጣ።

ሕጉን ለሚያይ ሰው ነገሩ ያን ያህል ጨለማ አይመስልም። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ለቋሚ ሠራተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 8 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ፈቅዶ ነበር፤ 3 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 3 ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው 2 ወር ያለ ክፍያ። የሥራ ሰዓትም በሳምንት ከ39 እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሙሉ ደመወዝ የሚያርፈው 1 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ የፈቃድ ማጣት አይደለም። ፈቃዱ አለ፤ ሕመሙ ግን በስሙ አይጠራም። በስሙ ያልተጠራ ሕመም ደግሞ ሦስት ሦስት ቀን እየተሸነሸነ ዓመቱን ሙሉ ይዘልቃል።

እውነት ለመናገር፣ በሲክ ሊቭ የሚነግድም አለ። ሳይታመም ወረቀት የሚያወጣ፣ በሕመም ስም የግል ጉዳዩን የሚጨርስ አለ። የእሱን ሥራ የሚሸከመው ጎኑ ያለው ባልደረባ ነውና ቅሬታው ተገቢ ነው። አለቆችም ወረቀት ባዩ ቁጥር የሚጠራጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን አጭበርባሪው ወረቀት ለማግኘት አይቸገርም። በጥርጣሬው የሚጎዳው ያ በእውነት ታሞ መናገር ያፈረው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሥራ መዛልን በበሽታዎች መለያ መዝገቡ ሲያካትት በሽታ ብሎ አልጠራውም። በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ይህ ማለት መድኃኒቱ ያለው ፋርማሲ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታውም ጋ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልገውም። የሰው ሀብት ክፍሉ የሕመም ፈቃዶችን ፋይል ውስጥ ከመክተት አልፎ በየሩብ ዓመቱ ቢያያቸው ብዙ ይነግሩታል። ከአንድ ክፍል አምስት ሰው ደጋግሞ ከታመመ፣ መመርመር ያለበት ክፍሉ ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚጠራ ስብሰባ በእርግጥ አስቸኳይ መሆኑ ይጠየቅ። መንገድ በተዘጋበት ቀን መስክ ያልወጣ ሰው በግምገማ አይቀጣ። ለሐኪም የተነገረ ምስጢር ቢሮ ውስጥ ወሬ አይሁን።

ወሎ ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ቃል አለው፤ "አብሽር" ይላል። ያቺ ባለሙያም ቢሮ ስትመለስ ባልደረባዋ "አብሽሪ እህቴ፣ ያልፋል" አለቻት። ቃሉ ደግ ነው፤ ብዙ ሰው ክፉ ቀንን የተሻገረው በእሱ ነው። ያን ቀን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ያልተሠራው የሦስት ቀን ሥራ ተከምሮ ነበር። ባልደረባዋ አጽናንታት ብቻ አልሄደችም፤ ከክምሩ ግማሹን አንስታ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደች።

ቀሪውን ግማሽ ማንሳት የመሥሪያ ቤቱ ፋንታ ነው።