«አንደኛ ነው» ሲባል፣ ለማን?

ዊልያምስ የሚባል ኮሌጅ አለ። የሚገኘው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በተራሮች መካከል ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሆን ተማሪዎቹ 2,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ዩ.ኤስ. ኒውስ በየዓመቱ በሚያወጣው የሊበራል አርትስ ኮሌጆች የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሳያቋርጥ አንደኛ ሆኗል። አምኸርስትና ስዋርዝሞርም ከላይኛው ረድፍ አይጠፉም።

እነዚህን ስሞች አዲስ አበባ ላይ ብትጠሩ የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው። ሃርቫርድን ሁሉም ያውቃል፤ ዊልያምስ ግን የሰው ስም ይመስላል። ችግሩ ስሙ ላይ ብቻ አያበቃም። «ኮሌጅ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከዩኒቨርሲቲ ያነሰ፣ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይቶ ዲፕሎማ የሚሰጥ ተቋም ነው። «አርት» ደግሞ ሥዕል ነው። ልጅ «ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ልገባ ነው» ሲል አባት የሚሰማው «ሥዕል ልማር አሜሪካ ልሄድ ነው» የሚል ነው። እናትስ ለጎረቤት ምን ብላ ታስረዳ? ደረጃው የሚፈለገው ለዚህ ነው። «አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ነው» ከተባለ ክርክሩ ያልቃል። ቁጥሩ ለቤተሰብ ማሳመኛ፣ ለዘመድ መልስ ይሆናል።

ነገር ግን ያ ቁጥር ስለ ምን እንደሚናገር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምንድን ነው? ሊበራል አርትስ ኮሌጅ በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያተኮረ አነስተኛ የትምህርት ተቋም ነው። ፊዚክስም፣ ኢኮኖሚክስም፣ ኮምፒውተር ሳይንስም፣ ታሪክም ይሰጣል። ተማሪው መጀመሪያ ከየዘርፉ ይቀማምሳል፤ ዋና ትምህርቱን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። የሚያስተምረው ፕሮፌሰሩ ራሱ ነው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ሳያነቡ ገብቶ ከኋላ መደበቅ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት የዚህ ሐሳብ የሩቅ ዘመድ ነው።

ወደ ደረጃው እንመለስ። ዩ.ኤስ. ኒውስ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ደረጃ ሲያወጣ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፦ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶችን «ጥሩው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዛሬ ቀመሩ ረዝሟል፤ ስንቱ ተማሪ እንደሚመረቅ፣ ኮሌጁ ለአንድ ተማሪ ስንት እንደሚያወጣ፣ መምህራን ስንት እንደሚከፈላቸው ይቆጠራል። ያም ሆኖ ከነጥቡ 20 በመቶው አሁንም የሚመጣው ከዚያው ከጥንቱ ጥያቄ ነው። ፕሬዚዳንቶችና ከፍተኛ የአካዳሚክ ኃላፊዎች ለሌሎች ኮሌጆች ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። አንድ ፕሬዚዳንት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ በምን ያውቃል? የሚያውቀው ዝናውን ነው። ዝናውን ደግሞ የሰማው በከፊል ካለፈው ዓመት ደረጃ ነው። ዝና ደረጃን ይወልዳል፣ ደረጃ መልሶ ዝናን ይወልዳል።

ይህን ጨዋታ አልጫወትም ያለም አለ። ኦሪገን የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1995 መረጃ መላክ አቆመ። መጽሔቱ ደረጃ መስጠቱን ቀጠለ፤ የሪድ ቦታ ግን ወዲያው አሽቆለቆለ። መምህራኑ ያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ያው፣ ተመራቂዎቹም እስከ ዶክትሬት በመማር ከአገሪቱ ቀዳሚዎች መካከል እንደሆኑ ነበሩ። የተለወጠው የተላከው ወረቀት ብቻ ነው። በተቃራኒው ካሊፎርኒያ የሚገኘው ክሌርሞንት ማኬና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ከፍተኛ የቅበላ ኃላፊ የተማሪዎችን የኤስ.ኤ.ቲ. ውጤት ለዓመታት ከፍ አድርጎ ሲልክ እንደነበር አመነ። አንዱ ዝም በማለቱ ወረደ፤ ሌላው በተጋነነ ቁጥር ተመዘነ።

ታዲያ ደረጃው እንዳለ ይጣል? እንዲህ ማለትም ትክክል አይሆንም። ከላይ ያሉት ኮሌጆች እውነትም ጠንካራ ናቸው። ከሁሉ በላይ ሀብታም ናቸው። ዊልያምስ በኢንዶውመንት መልክ ያጠራቀመው ሀብት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህ ሀብት ደረጃውን ከፍ ያደርጋል፤ ለደሃ ተማሪ የሚከፍለውም ይኸው ሀብት ነው። ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሚሰጠው ድጋፍ ውስጥ ብድርን ጨርሶ አስወጥቶ በስጦታ ተካው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚጠቅም ነገር በውስጡ አለ። ችግሩ ያንን ነገር በቀጥታ አለማሳየቱ ነው።

በቀጥታ መታየት ያለበት ምንድን ነው? የእነዚህ ኮሌጆች የአንድ ዓመት ሙሉ ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በደመወዝ ለሚተዳደር የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ ወይም የደሴ ቤተሰብ 80 ሺህም 40 ሺህም ዶላር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሉም። ግማሽ ስኮላርሺፕ ማለት ለእሱ ምንም ማለት ነው። ቀሪው ከየት እንደሚመጣ ካላሳየ ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን ወረቀት አይሰጠውም፤ ኤምባሲውም በባዶ እጅ አያሳልፈውም። የመግቢያ ደብዳቤው ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» ተብሎ፣ ነሐሴ ላይ ልጁ እዚያው ሰፈሩ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ መለኪያ ዝርዝሩ እንደገና ቢጻፍ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል።

አንደኛው ኬንታኪ የሚገኘው ቤሪያ ኮሌጅ መሆን አለበት። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1855 የባሪያ ንግድ በሕግ በተፈቀደበት ግዛት፣ ባርነትን በሚቃወሙ ሰዎች ነው። ጥቁርና ነጭን፣ ወንድና ሴትን አንድ ላይ በማስተማር በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ቀዳሚ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ተማሪን የትምህርት ክፍያ አላስከፈለም። በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ እርሻ፣ አንዱ የእንጨት ሥራ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኮሌጆችን ለደሃ ተማሪና ለሕዝብ በሚሰጡት ጥቅም የሚመዝነው ዋሽንግተን መንትሊ ቤሪያን ከፊት ረድፍ ያስቀምጠዋል። በዩ.ኤስ. ኒውስ ሰንጠረዥ ግን ከዊልያምስ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ከውጭ አገር የሚቀበላቸው ጥቂት ስለሆኑ መግባቱ ቀላል አይደለም፤ የገባው ግን የክፍያ ጭንቀት አይከተለውም።

ሁለተኛው ቦታ የአምኸርስትና የቦውዶይን ነው። እነዚህ ሁለቱ የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ «ገንዘብ አለው ወይስ የለውም?» ብለው አያዩም፤ ከተቀበሉትም በኋላ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። በሁለቱም ነገር እንዲህ የሚያደርጉ ኮሌጆች በመላው አሜሪካ በጣት ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዊልያምስ፣ ስዋርዝሞር፣ ፖሞናና ማካሌስተር ይመጣሉ። የተቀበሉትን የውጭ ተማሪ ሙሉ ፍላጎት ይሸፍናሉ፤ ሲመርጡ ግን ድጋፍ መጠየቁን ያያሉ። ማካሌስተር በሰንጠረዡ ከሦስቱ ብዙ ዝቅ ይላል። ለተማሪው ኪስ ግን ልዩነት የለውም። ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቁት ከዚሁ ከማካሌስተር ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው፣ ሰንጠረዡ ላይ የፈለገውን ያህል ከፍ ቢል፣ ለውጭ ተማሪ ከፊል ድጋፍ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለደመወዝተኛ ልጅ የተዘጋ በር ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ተራ የሻይ ቤት ክርክር እንዳይመስል። ቀድሞ መልስ የሚያስገኘውና ከተገባ መግባት ግዴታ የሚሆንበት «ኧርሊ ዲሲዥን» የተባለው ማመልከቻ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚላከው። አንዷን ጥይት የት መተኮስ እንዳለበት ልጁን የሚመክረው ደረጃው ከሆነ ወደ ዊልያምስ ይልከዋል። የቤቱን አቅም ያገናዘበ ሰው ግን መጀመሪያ አምኸርስትን ወይም ቦውዶይንን እንዲያስብ ይነግረዋል።

የኮሌጅ ስምና የሰው ሥራ የሚገናኙበት መንገድም ሰንጠረዥ ላይ አይታይም። ጋናዊው ፓትሪክ አዉዋ በስኮላርሺፕ ስዋርዝሞር ተምሮ፣ ማይክሮሶፍት ሠርቶ፣ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2002 አሸሲን በ30 ተማሪዎች ከፈተ። ስዋርዝሞር ያገኘውን ዓይነት ትምህርት ነው ወደ ጋና የወሰደው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ዶክተር መላኩ በያን አሜሪካ ሲደርሱ የገቡት ኦሃዮ ውስጥ ሙስኪንገም በተባለ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። በኋላ ሃዋርድ ሕክምና ተማሩ፤ በወረራው ዘመን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ይህ ሰንጠረዥ አልነበረም። ቢኖርም ሙስኪንገምን ከላይ ባላገኘነው ነበር።

ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ልጅ ያለው ቤተሰብ «ስንተኛ ነው?» ከማለቱ በፊት ለኮሌጁ የቅበላ ቢሮ በኢሜይል መላክ ያለበት ሁለት ጥያቄ አለ፦ የውጭ አገር ተማሪን ሙሉ የገንዘብ ፍላጎት ትሸፍናላችሁ? ስትመርጡስ ድጋፍ መጠየቁን ታያላችሁ? የሁለቱን መልስ የያዘ ቤተሰብ የራሱን ሰንጠረዥ መሥራት ይችላል። ለጎረቤት የሚነገረው ቁጥር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።