በጣና ላይ ያሞቀው ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ ከጎርጎራ ተነሥተህ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ለመሻገር ካሰብህ፣ ከስንቅህ ጋራ ትዕግሥትም ያዝ። ይህን የምልህ መንገዱ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጣና አቀበትም ቁልቁለትም የለበትም፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሜዳ ተዘርግቷል። ነገር ግን የሚያሻግርህ ጀልባ አሮጌ እንደ ሆነ፣ ሞተሩም በሆዱ ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ መድረስህና አለመድረስህ መዳፍ በማይሞላ አንድ ቁራጭ ጎማ ሊወሰን ይችላል። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከውሃው መካከል ነው።

ጊዜው የመስከረም መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ገና ያልተከፈተበት ወቅት ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተቀመጡባትን ጎርጎራንና በጥንታውያን ሥዕሎቿ የታወቀችውን ደብረ ሲና ማርያምን ለማየት ከተመኘሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና አይቼ ደስ አለኝ። ከወደቡ ስንነሣ ግን ዓይኔን የሳበው ሌላ ነገር ሆነ። በሰሜኑ ዳርቻ ውሃው አረንጓዴ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ይህ እምቦጭ ነው። በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ዓሣ አጥማጁንም ገበሬውንም ጀልባ ነጂውንም አስጨንቋል። አበባው ሐምራዊና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ከውሃው በታች ያለው ሥሩ ግን እንዳልተበጠረ ጠጉር የተንጨባረረ ነው። ጀልባችን ይህን ምንጣፍ ሰንጥቃ ወጣች። እኛም ተሳፋሪዎቹ ከኋላችን የቀረውን ሁሉ ያለፍነው መሰለን።

ጀልባይቱ ቀለሟ በብዙ ቦታ የተላጠ የብረት ጀልባ ናት። የናፍጣ ሞተሯ ከመካከሏ፣ ከእንጨት ክዳን በታች ተቀምጧል። መሪውን የያዘው ወጣት ነው፤ ሞተሩን የሚጠብቀው ግን ጠጉሩ የሸበተ፣ እጁ ዘይት የጠገበ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። የአፄ ፋሲለደስ ዐፅም ወደሚገኝበት ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄዱ ሁለት መነኮሳት አወረድን። ከዚያም ወደ ደቅ ደሴት ተጠጋን። በዚያ አንዲት እናት ሦስት ዓመት የሚሆነውን ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ተሳፈረች። ልጁ ሁለት ሌሊት በትኩሳት ሲነድ አድሮ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ልታደርሰው ነበር።

ከደቅ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ቀድሞ እንደሚጉመጠመጥ ሰው ያንቦጫርቅ የነበረው የጭስ ማውጫ ደርቆ መጮህ ጀመረ፤ የተቃጠለ ጎማም ሸተተን። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ነክቶ ነበር። ወጣቱ ነጂ ባልዲ አንሥቶ የሐይቁን ውሃ በሞተሩ ላይ ሊደፋ ሲል አዛውንቱ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ! የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ቴስታታው ከተሰነጠቀ የምንቀዝፈው በእጃችን ነው።»

ሞተሩ ጠፋ፤ መልሕቅም ተጣለ። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ነውና ገመዱ አላጠረም። ከሞተሩ ላይ ያለውን የውሃ ክዳን እንዲከፍቱ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ነገሩ ይህ ነው፦ በጣና ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ይዞ ስለሚያቆየው ነው። በጋለበት ሰዓት ክዳኑን የከፈተ ሰው፣ የታመቀው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ስለዚህ መጠበቅ ግድ ሆነ።

ስንጠብቅ አዛውንቱ የውሃውን መንገድ በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ፤ ላንተም እንደ ሰማሁት ላስረዳህ። መኪና ሞተሩን በነፋስና በራዲያተር ያቀዘቅዛል። ጀልባ ግን ሐይቁን ራሱን ይጠጣል። ውሃው ከጀልባው ሆድ በታች ባለ ቀዳዳ ይገባል፤ ቀጥሎ በወንፊት ማጣሪያ ያልፋል፤ ከዚያም የጎማ ክንፎች ያሉት አንድ ትንሽ መንኮራኩር በፓምፕ ውስጥ እየዞረ ይገፋዋል። የተገፋው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲያልፍ የሞተሩን የራሱን ውሃ ያቀዘቅዛል፤ በመጨረሻም ከጭሱ ጋራ ተቀላቅሎ ወደ ውጭ ይተፋል።

«መለኪያው እንደ እናት እጅ ነው፤ ትኩሳቱን ይነግርሃል እንጂ በሽታውን አይነግርህም» አሉኝ። «በሽታውን የሚያገኘው ውሃውን ከገባበት እስከ ወጣበት የተከተለ ነው።»

መጀመሪያ የመግቢያውን መዝጊያ ዘጉ። ይህ ካልተደረገ ማጣሪያው ሲከፈት ሐይቁ ወደ ጀልባው ይገባል። ማጣሪያውን ሲከፍቱት በጭቃ የተለወሰ የእምቦጭ ሥር ጢም ብሎ ሞልቶታል። ለካስ ሕመሙ የጀመረው ጎርጎራ ላይ ነው፤ የታየው ግን ከደቅ ወዲህ ነው! ማጣሪያውን አጠቡ፤ መግቢያውን ቀዳዳ በሽቦ ጠረጉ፤ ሞተሩም በረድ ሲል አስነሡት። ከጭስ ማውጫው ውሃ ሲወጣ ተሳፋሪው ሁሉ እልል አለ።

አዛውንቱ ግን እጃቸውን ከሚወጣው ውሃ ሥር ዘርግተው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ሞተሩን መልሰው አጠፉት።

እናትዮዋ ተነሣች። «አባባ፣ ስለ ማርያም ብለው ይሂዱልኝ! ልጄ እየነደደብኝ ነው» አለች። ነፋሱም ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ መነሣት ጀምሯል። እኔም ከእርሷ ጋራ ወገንሁ። «ጋሼ፣ ምክንያቱ ተገኘ፤ ውሃውም ወጣ፤ ምን ቀረ?» አልኋቸው። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ጥያቄዬ ነው።

«መምህር፣ ውሃው ወጥቷል፤ ግን ቀጥኗል» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ እናትዮዋ ዞረው፣ «ልጄ፣ አሁን ብንሄድ ከመንገድ እንቀራለን፤ ጥቂት ታገሽኝ፣ አደርስሻለሁ» አሏት።

የፓምፑን ክዳን በካቻቢቴ ፈቱ። መንኮራኩሩን የሚያለሰልሰው የሚገፋው ውሃ ራሱ ነው፤ ውሃ ካጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በራሱ ሰበቃ ይቃጠላል። ስድስት ክንፍ ሊኖረው ሲገባ አራት ብቻ ቀርተውታል። አዛውንቱ ከቆርቆሮ ሣጥናቸው መለዋወጫ አውጥተው፣ በሳሙና አለስልሰው አስገቡ። አሁንስ አበቃ ስንል ደግሞ ወደሚቀጥለው ቱቦ ሄዱ።

«ሁለቱ ክንፎች አልተነኑም፤ የሄዱበት አለ። እነርሱን ሳልቆጥር አልነሣም» አሉ።

ቱቦውን ሲፈቱ አንደኛው ክንፍ ከመታጠፊያው ላይ ተገኘ። ሁለተኛው ከዚያ አልፎ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች አፍ ላይ ተለጥፎ ነበር። በፒንሳ ጎትተው አወጡትና ሁለቱን በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለእናትዮዋ አሳዩአት። ሞተሩ ሲነሣ የወጣው ውሃ ከቀድሞው እጥፍ ነበር፤ መርፌውም ከመካከል ላይ ረግቶ ቀረ። የባሕር ዳር መብራት ሲታየን ገና ፈጽሞ አልጨለመም ነበር። እናትዮዋ ከወደቡ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት በረረች። በሦስተኛው ቀን ከነጂው እንደ ሰማሁት፣ ልጁ መድኃኒት ተሰጥቶት ትኩሳቱ በርዷል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት አንድ ቀን አሮጌ ጀልባ ላይ ብትሆን ይጠቅምህ ዘንድ ከአዛውንቱ የቀሰምሁትን በአጭሩ ልንገርህ።

አንደኛ፣ ሞተር ሲያሞቅ መቼ እንደሚያሞቅ ተመልከት። በዝግታ ሲሄድ ደኅና ሆኖ በፍጥነት ጊዜ ብቻ የሚያሞቅ ከሆነ፣ ውሃው ይመጣል፣ ግን አይበቃም፤ ወይም ቱቦዎቹ በደለልና በዝገት ጠበዋል፤ አለዚያም አረም በውልብልቢቱ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ከኀይሉ በላይ አሠርቶታል። ቆሞ ሳለ እንኳ የሚያሞቅ ከሆነ፣ ውሃው ጨርሶ አልመጣም ማለት ይሆናል፤ መግቢያውን፣ ማጣሪያውንና ፓምፑን መርምር።

ሁለተኛ፣ የሐይቁ ውሃ በደንብ እየወጣ ሞተሩ ካሞቀ፣ ወደ ሞተሩ የራሱ ውሃ ተመለስ። ውሃው ጎድሎ እንደ ሆነ፣ ቺንጊያው ላልቶ እንደ ሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ እንደ ሆነ እይ። ይህ ሁሉ ግን ሞተሩ ከበረደ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ምክንያት ስላገኘህ ምርመራው አለቀ አትበል። እምቦጩ ማጣሪያውን ዘጋ፤ የማጣሪያው መዘጋት ክንፎቹን ሰበረ፤ የክንፎቹ ስባሪ ደግሞ ቱቦውን ዘጋ። በመጀመሪያው ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ከነልጇ ሌሊቱን በውሃ ላይ ባደረች ነበር። እኔ የተማርሁት ሰው ቸኩዬ፣ አዛውንቱ ግን ሁለት ቁራጭ ጎማ እስኪቆጥሩ ታግሠው ሁላችንንም አደረሱን።

ጣናን ስትሻገር ደሴቶቹን እይ፤ ደንገል የተሸመነባቸውን ታንኳዎች እይ፤ ወፎቹንም እይ። ከዚያ መለስ በልና ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ውሃ ደግሞ እይ። ሳያቋርጥ የሚተፋ ከሆነ በሰላም ትደርሳለህ። ከቀጠነ ግን ዝም አትበል፤ ሞተሩን ለሚጠብቀው ሰው ቶሎ ንገረው።