ቀን ቤት ውስጥ ማን ይውላል?

ቢሾፍቱ ተምሬ ስወጣ ስለ አባ ሰንጋ፣ ስለ ላም የጡት በሽታ፣ ስለ ዶሮ ፈንግል በደንብ አውቅ ነበር። ስለ ቡችላ ሽንት ግን ያስተማረኝ አልነበረም፤ ለነገሩ ጠያቂም አልነበረም። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ውሻ የደጅ ነው። ቀን አጥር ሥር ይተኛል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ የት እንደሚጸዳዳ የሚጨነቅ ሰው የለም። ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ፎቅ ላይ ውሻ ከሚያሳድጉ ሰዎች ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአንዲት ጡረታ ከወጡ መምህርት።

አዲስ አበባ ወደ ላይ ማደግ ከጀመረች ወዲህ ውሻውም አብሮ ፎቅ ወጥቷል። ግቢ ለምዶ የኖረ ሰው ኮንዶሚኒየም ሲደርሰው ወይም ሲከራይ የውሻ ፍቅሩን ታች ጥሎት አይወጣም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን አጥርም አፈርም የለም፤ ብዙዎቹ ሕንጻዎች አሳንሰር እንኳ የላቸውም። ደረጃው የጋራ ነው፣ ግቢው የጋራ ነው፣ ልብስ በሚሰጣበት ገመድ ሥር ልጆች ይጫወታሉ። ከጎረቤቶቹ መካከል ለሶላት ሲዘጋጅ የውሻ ምራቅ እንዳይነካው የሚጠነቀቅ አለ፤ ለቅዳሴ በሌሊት ሲወርድ ሽንት መርገጥ የማይፈልግ አለ። አንዳንድ ደንበኞቼ ይህን አጉል ወግ ነው ይሉኛል። እኔ ጎረቤቶቹ ልክ ናቸው እላለሁ። በጋራ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ውሻ ንጽሕና የባለቤቱ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ክሊኒክ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ይሄን ሽንት የሚያስቆምለት መርፌ የለም?» ለጤነኛ ቡችላ እንዲህ ያለ መርፌ የለም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም አስከትሎ የሚመጣውን ስላየሁ አክብጄ ነው የምሰማው። ክትባት ጀምሮ በቀጠሮው ያልመጣ ቡችላ ሲኖር እደውላለሁ። «ለዘበኛው ሰጠነው»፣ «ዘመድ ጋር ገጠር ላክነው» ይሉኛል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። ምክንያቱን ስጠይቅ ሽንቱ ነው፣ ሽታው ነው፣ የሕንጻው ነዋሪዎች ኮሚቴ ቁጣ ነው። ክትባቱን ሳይጨርስ ጎዳና የወጣ ውሻ ደግሞ ለእብድ ውሻ በሽታ የተጋለጠ ነው። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ስርጭቱን ለመግታትም ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው። አንድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ ሽንት እስከዚህ ድረስ ይዘልቃል።

መምህርቷን እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሁለት ወር ያለፋት ቡናማ ቡችላ ነበረቻቸው። ሁለተኛውን ክትባት ልሰጣት ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ቀርቦ ስንጫወት «ሽንቱስ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው፣ ምሬት እየጠበቅሁ። «እሷማ ደህና ናት» አሉኝ። አፋቸው ከእኔ ጋር ነበር፣ ዓይናቸው ግን ከቡችላዋ አልተነቀለም። ቡችላዋ ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁራጭ ታኝካለች። ድንገት ተወችው። አፍንጫዋን መሬት አስነክታ ወደ ቡፌው ጥግ ሄደችና አንዴ ዞረች። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ አንስተው አቅፈዋት በረንዳ ወጡ። እዚያ ዝርግ የፕላስቲክ ሳፋ አለ፤ ውስጡ ከችግኝ ሻጭ ከነአፈሩ የገዙት ሣር ተነጥፏል። ሣሩ ላይ አስቀመጧትና፣ እናቶቻችን ሕፃን ሲያሸኑ እንደሚያደርጉት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሽሽሽ» አሉ። ቡችላዋ አጎንብሳ ሸናች። ቀና ስትል፣ ገና እግሯን ከሣሩ ሳታነሳ፣ ከሹራባቸው ኪስ የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ አውጥተው ሰጧትና «ጎበዝ!» አሏት።

መጽሐፍ አላነበቡም፣ ቪዲዮ አላዩም። እንዴት ተማሩት ብዬ ብጠይቃቸው፦ «እሷ እኮ አታጠፋም፤ እኔ ሳላያት ስቀር ነው ምንጣፉ የሚበላሸው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለቡችላ ባለቤቶች የምናገረው ሁሉ የዚህ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

የሁለት ወር ቡችላ ፊኛ ቀን ላይ ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚይዘው። ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር አንድ ሰዓት፣ ሲደመር አንድ ብላችሁ ብታሰሉት ጣሪያውን ታገኛላችሁ፤ ያ ጣሪያ ነው፣ ሁልጊዜ የሚጠበቅ አይደለም። ከእንቅልፉ እንደነቃ ይሸናል። ሲጫወት ቆይቶ ጨዋታውን ሲያቋርጥ ይሸናል። ምግብ ሆዱ ሲገባ አንጀቱ ስለሚንቀሳቀስ ከጥቂት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጸዳዳል። ስለዚህ ምግቡ ሰዓት ካለው መጸዳጃውም ሰዓት ይኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ፍርፋሪ የተቀመጠለት ቡችላ ይህ ሰዓት የለውም፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ የለመደው ደግሞ ሆዱ ተበላሽቶ ጭራሽ መያዝ ያቅተዋል። እትዬ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ይሰጧታል፤ የተረፈውን ወዲያው ያነሳሉ።

ቡችላ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከሚተኛበት ራቅ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። በስምንተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ እግሩ የለመደውን ወለል መምረጥ ይጀምራል። ሣር የለመደ ሣር ይፈልጋል፣ ምንጣፍ የለመደ ምንጣፍ። አሮጌ አዲስ ዘመን የተነጠፈለት ደግሞ ጋዜጣ ባየበት ሁሉ ይሸናል፤ ወደፊት ውጭ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ ማስተማር ይሆንባችኋል። ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከራሱ ቆሻሻ ጋር ሲተኛ ቆይቶ መንገድ ዳር የተሸጠ ቡችላ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለእሱ ትዕግስታችሁን አታሳጥሩበት፤ ከቆሻሻው የመራቅ ዕድል አልተሰጠውም።

ፎቅ ላይ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ለመማር የሚመቸው ዕድሜና ፓርቮ ለሚባለው የውሻ በሽታ የሚጋለጥበት ዕድሜ አንድ ላይ ይውላሉ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት፣ ሲመቸው ከዓመት በላይ ይቆያል። ቡችላው ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያዳክመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ጀምረን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው እንደጋግማለን። እስከዚያ ድረስ የጋራው ግቢ ሣር ላይ የትኛው የታመመ ውሻ እንዳለፈ አናውቅም። በረንዳ ላይ ያለችው የሣር ሳፋ ይህን ጊዜ ታሻግራለች፤ በየሳምንቱ ሣሩ ይቀየራል። ክትባቱ ሲያልቅ ያው ሣር ታች አለ፣ እግሩ ያውቀዋል። ያኔ ታች ስትወርዱ ዓይነ ምድሩን የምታነሱበት ነገር ያዙ። ብዙ ቡችላ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የአንጀት ትል ይዞ ይወለዳል። የትሉ እንቁላል ሰው ለመበከል አፈር ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ በዚያው ቀን የተነሳ ዓይነ ምድር አፈሩ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች አይጎዳም። የተተወው ግን ይጎዳል፤ እጭ ወደ ልጅ ዓይን ደርሶ ማየት እስከማሳጣት የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ስለ ቅጣት ስናገር እስካሁን ድምፄ ከፍ ይላል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት፣ በጫማ መምታት፣ መታጠቢያ ቤት መዝጋት ከብዙ ቤት የምሰማው ነው። ቡችላው ከሩብ ሰዓት በፊት የሸናውንና አሁን የሚደርስበትን ዱላ አያገናኝም። የሚያገናኘው ዱላውንና እናንተን ነው። ከዚያ በኋላ እናንተ ፊት አይሸናም፤ ከሶፋው ጀርባ ይሸናል፣ በረንዳ ስታወጡት ደግሞ አጠገቡ ስለቆማችሁ ይዞት ይመለሳል። ጆሮውን ጥሎ፣ ጭራውን ቆልፎ ሲያጎነብስ «አጥፍቶ አፍሮ ነው» ይሉኛል። የተቆጣ ፊት አይቶ ፈርቶ ነው። ከሥራ ስትመለሱ በጀርባው ተንጋሎ ጥቂት የሚሸናውም ቢሆን የመገዛት ምልክት እያሳየ ነው፤ ከተቆጣችሁት ይብስበታል፣ ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት አብዛኛውን ጊዜ ሲያድግ ይተወዋል።

ጽዳቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይበልጥ። ትኩስ ሽንት ላይ በረኪና አትድፉ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉሮሮና ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፣ ሽታውም ለእኛ ቢጠፋ ለውሻ አፍንጫ አይጠፋም። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ እየተጫናችሁ ምጠጡት፤ ከዚያ ኢንዛይም ባለው የልብስ ሳሙና ዱቄት እጠቡት፤ እሱ ከሌለ በውኃ የቀጠነ አቼቶ ይረዳል። በረኪና የሚያስፈልገው ቤቱ ውስጥ ፓርቮ ገብቶ ከሆነ ነው፤ ያኔም ወለሉ ታጥቦ ከጸዳ በኋላ፣ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውኃ።

እየተማረ ቆይቶ በድንገት ወደ ቀድሞው የተመለሰውን፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ የሚሸናውን፣ ውኃ የማይጠግበውን፣ ወይም ተኝታም ሳይቀር ሽንት የሚያንጠባጥባትን ሴት ቡችላ አምጧቸው። የፊኛ ኢንፌክሽን ወይም የሽንት ቱቦ አፈጣጠር ችግር በሥልጠና አይድንም። ከእነዚህ ውጪ ላለው ግን ጊዜ ነው መድኃኒቱ፤ ለብዙዎቹ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ለአንዳንዱ እስከ ዓመት።

አሁን አዲስ ቡችላ ይዞ የሚመጣን ሰው ከዘሩና ከስሙ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቀን ቤት ውስጥ ማን ይውላል? ባልና ሚስት እርስ በርስ ይተያያሉ። ብዙ ጊዜ መልሱ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ቡችላው ሲገዛ ማንም ያላማከራት፣ ውሻ የምትፈራ ልትሆን የምትችል፣ ምግብ እያበሰለችና ልጅ እየጠበቀች በየሁለት ሰዓቱ በረንዳ እንድታወጣው የሚጠበቅባት ልጅ። እሷ ካልተስማማች ሥልጠናው አይጀመርም። ክሊኒክ ስትመጡ እሷንም ይዛችኋት ኑ፤ የማስረዳው ለእሷ ነው፣ ለድካሟም ክፈሏት። ቀን የሚውል ሰው ጭራሽ ከሌለ የሁለት ወር ቡችላ አትውሰዱ። ዓመት ያለፈው፣ የተከተበ፣ ፊኛው የጠና ውሻ ቤት እየፈለገ ነው፤ እሱን ውሰዱ።