ከቡቺ ጋር ወደ ጎርጎራ



«ባሕር ዳርቻ ውለን መጣን» ብላችሁ የት እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ወዲህ አገራችን የጨው ባሕር የላትም። የጣና አካባቢ ሰው ግን ሐይቁን ሲጠራ «ባሕሩ» ነው የሚለው፤ እውነቱንም ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ጎርጎራ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው ማዶው አይታየውም።

ጊዜው የ2010 ዓ.ም. የግማሽ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ነበር። ያን ጊዜ የምናገለግለው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ባለቤቴ በየጋብቻ ሴሚናሩ «ለቤተ ሰባችሁ ጊዜ ስጡ» ብሎ ያስተምራል፤ እኛ ግን ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልዋልንም። (ይህን እንድጽፍ ራሱ ፈቅዶልኛል።) አንድ ማታ የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጃችን «አባዬ እኮ የሁሉ ሰው አባት ነው» ብሎኝ ወደ ውጭ ወጣ። ስከተለው በሩ ላይ ከውሻችን ከቡቺ ጋር ተቀምጦ ያወራል። ለእኔ ያልነገረኝን ሁሉ ለውሻው ይነግረው ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ባለቤቴም ስነግረው ዝም ብሎ ቆየና ቅዳሜን ቀጠረ። ልጁ ግን «ቡቺ ካልሄደ አልሄድም» አለ። «ፓስተሩ ውሻ ጭኖ ለሽርሽር ሄደ ይባል?» አለ ባለቤቴ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ውሻ ዘበኛ ነው፤ ቦታው ደጅ ነው፤ ስሙም ስድብ ነው። እኔም በማቴዎስ 15 ያለችውን ከነናዊት ሴት አነሣሁበት። እዚያ የገባው የግሪክ ቃል የመንገዱን ውሻ ሳይሆን ከማዕድ ሥር የሚገኘውን ትንሹን የቤት ውሻ የሚያመለክት ነው፤ ነገሩም የሆነው በባሕር ዳርቻዎቹ በጢሮስና በሲዶና አገር ነው። «ኮሌጅ የተማርሽው ለዚህ ነው?» ብሎ ሣቀና ተስማማ።

ስሜን ተራሮች ለእኛ ይቀርቡን ነበር። ነገር ግን ውሻ ይዞ ወደዚያ መሄድ ተገቢ አይደለም። በዓለም ላይ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠረው ቀይ ቀበሮ እዚያ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘውም ከቤት ውሾች ነው። በባሌ በ1996 ዓ.ም. ብዙ ቀበሮዎች በዚሁ በሽታ አልቀዋል። ስለዚህ ቡቺን ቀደም ብለን አስከትበን ወደ ደቡብ ተነሣን። ወገኖቼ፣ ውሻ ያላችሁ በየዓመቱ አስከትቡ። ልጅ ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለዐሥራ አምስት ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ ወንድም ፒካፕ መኪናውን አዋሰን። አምባ ጊዮርጊስን በጋቢና በፎጣ ተሸፋፍነን ለቀን፣ ጎንደርንና አዘዞን አልፈን ደምቢያ ስንደርስ ጋቢውን ጣልነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የወረድነው። ቆላድባን እንዳለፍን እሸት ሽምብራ ገዝተን እየፈለፈልን ጎርጎራ ገባን።

ደብረ ሲና ማርያምን ሳላይ መመለስ አልፈለግሁም። የሣር ክዳን ያላት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የግድግዳዋ ሥዕሎች የ17ኛው መቶ ዘመን ናቸው። ውሻ ወደ ቅጽሩ አይገባም፤ የአገሩንም ሥርዓት ማክበር ይገባናል። ባለቤቴ «አንቺ ግቢ፣ እኛ እንጠብቅሻለን» ብሎ ከልጁና ከቡቺ ጋር ዛፍ ሥር ቀረ። ከሰዓት በላይ ቆይቼ ስወጣ ልጄ እያወራ ነበር። አባቱ የውሻውን ገመድ ይዞ ይሰማዋል። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። ፈንጠር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወደ ዳርቻው ወረድን። ልጁ ሊዋኝ ፈለገ፤ ከለከልሁት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉማሬም አለ። በደንገል ታንኳ ላይ የቆሙ ዓሣ አጥማጆች አየን፤ ይብራዎችም በዙሪያቸው ይንሳፈፋሉ። ስለ እምቦጭም ተወራልን፤ በዚያው ዓመት ገበሬው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለው ነበር። ቡቺ ውኃውን አንዴ አሸተተና ፈርቶ ባለቤቴ እግር መሐል ገባ። የተጠበሰ ቆሮሶ በላን፤ ለውሻው የዓሣ አጥንት ስለማይሰጥ እንጀራውን በወጡ እያጠቀሰ ያጎረሰው ባለቤቴ ነው።

ጎርጎራ ዛሬ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ትልቅ መዝናኛ ተሠርቶባታል። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ እንደዚያን ጊዜ በልብ የሚሄዱበት አልሆነም። ለመሄድ የምታስቡ ሁኔታውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስለ ሰላምም መጸለይ አናቋርጥ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቡቺ አስመለሰው። ባለቤቴ መኪናውን አቁሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ጠረገው። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጨልሟል፤ ብርዱም እንደተለመደው ነው።

«አባዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን አለህ?» አለ ልጁ።

«ሠርግ አለብኝ።»

«ከዚያ በኋላ ባለውስ?»

ባለቤቴ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ በባትሪ ብርሃን ገለጠ። ሌላ ጊዜ «ስብሰባ»፣ «ለቅሶ»፣ «ጉብኝት» የሚል በሚጻፍበት መስመር ላይ «ቡቺ» ብሎ ጻፈ።